ከካውንስል መረጃ መጠየቅ፦ ነጻ አገልግሎት፣ አጠያየቁን ለሚያውቅ

በእንግሊዝ አገር ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) ከሚሰጧቸው አገልግሎቶች መካከል አንዱ በአብዛኛው ምንም ክፍያ፣ ምንም መታወቂያ፣ ምንም ቀጠሮ አይጠይቅም። ካውንስሉ በእጁ ያለውን ሰነድ፣ አኃዝ፣ ውል፣ ካርታ፣ የሠራተኞቹን የሥራ ኢሜይል ሳይቀር አሳዩኝ ማለት ይቻላል። ለምን እንደፈለጉት አይጠየቁም። ዜጋ መሆን፣ በአካባቢው መኖር፣ የመኖሪያ ፈቃድ መያዝ አያስፈልግም፤ የጥገኝነት ውሳኔ የሚጠብቅ ሰውም ሆነ አዲስ አበባ ተቀምጦ ኢሜይል የሚልክ ሰው እኩል መብት አላቸው። ለዚህ አገልግሎት ከአምስት ኮከብ አራት እንሰጠዋለን። የቀነሰው አንዱ ኮከብ የካውንስሎቹ የመልስ ጥራት ነው፦ በጥንቃቄ ለተጻፈ ጥያቄ ጥሩ ይመልሳሉ፣ ላልተጠነቀቀ ግን በሕጉ በተፈቀደው ሰበብ ሁሉ ያልፉታል። (ስኮትላንድ የራሷ ሕግና የራሷ ኮሚሽነር ስላላት እዚህ የተጻፈው እዚያ እንዳለ አይሠራም።)

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ሕጎቹ ሁለት መሆናቸው ነው። ሁለቱም ሥራ ላይ የዋሉት ጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ነው። አንደኛው የ2000ው የመረጃ ነጻነት ሕግ ነው፣ ሰው ሁሉ ኤፍ ኦ አይ የሚለው። ሁለተኛው የ2004ቱ የአካባቢ መረጃ ደንብ፣ ኢ አይ አር፣ መነሻው በ1998 ዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ የተፈረመው ስምምነት ነው። ብዙ ጠያቂ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ለመንገድና ለሰፈር ጉዳይ ግን ጠንካራው ሁለተኛው ነው።

«አካባቢ» ሲባል ዛፍና ወንዝ ብቻ አይምሰልዎ። ደንቡ አየርን፣ ውኃን፣ አፈርን፣ መሬትን፣ ከዚያም ድምፅን፣ ቆሻሻን፣ ጨረርን፣ ወደ አየር የሚለቀቅ ነገርን ሁሉ፣ እንዲሁም በእነዚህ ላይ ለውጥ የሚያመጡ ዕቅዶችን፣ ፖሊሲዎችንና ውሎችን ያጠቃልላል። ስለዚህ የፕላኒንግ (የግንባታ ፈቃድ) ፋይል፣ ለመኪና የተዘጋ መንገድ ጥናት፣ የቆሻሻ አንሺው ኩባንያ ውል፣ የምሽት ክበብ የድምፅ ልኬት፣ የተቆረጠ የመንገድ ዛፍ ምርመራ ሁሉ በዚህ ደንብ ሥር ይወድቃሉ። ካውንስሉ የትኛውን ሕግ እንደሚጠቀም ራሱ መለየት አለበት፤ ቢሆንም «ጥያቄዬ በ2004ቱ የአካባቢ መረጃ ደንብ መሠረት እንዲታይ፣ የማይመለከተው ከሆነ በ2000ው ሕግ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ልዩነቱ ገንዘብ ላይ ጎልቶ ይታያል። በኤፍ ኦ አይ ካውንስሉ ጥያቄውን ለመመለስ ከ450 ፓውንድ በላይ ያስወጣኛል ካለ እምቢ ማለት ይችላል። ስሌቱ በሰዓት 25 ፓውንድ ሆኖ የ18 ሰዓት ሥራ ነው። የሚቆጠረው ሰነዱ መኖሩን ለማጣራት፣ ለመፈለግ፣ ለማውጣትና የተጠየቀውን ክፍል ለመለየት የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነው፤ የሰው ስም ለመደለዝ ወይም ይሰጥ አይሰጥ ብሎ ለመመካከር የሚጠፋው ሰዓት አይገባም። የመደለዣውን ሰዓት ደምሮ «ከገደቡ አለፈ» የሚል መልስ ከመጣ ስሌቱ ስህተት ነው፣ ይህንኑ ጠቅሶ መመለስ ነው። አንዱን ትልቅ ጥያቄ ቆራርጦ በአምስት ኢሜይል መላክም አያዋጣም፤ ተመሳሳይ ጥያቄዎች በ60 የሥራ ቀናት ውስጥ ከአንድ ሰው፣ ወይም ተመካክረው ከሚጽፉ ሰዎች ከመጡ ካውንስሉ ደምሮ ሊቆጥራቸው ይችላል። በአካባቢ መረጃ ደንቡ ግን ይህ የ450 ፓውንድ ገደብ የለም። እምቢ ለማለት ጥያቄው በግልጽ ከመጠን ያለፈ መሆኑን ማሳየት፣ ከዚያም የሕዝብን ጥቅም መዝኖ መልሱን ማስረዳት ይጠበቅበታል። በደንቡ ሥር ተመጣጣኝ ክፍያ መጠየቅ ቢፈቀድለትም የዋጋ ዝርዝሩን አስቀድሞ ማውጣት አለበት፤ ቢሮው ሄዶ ሰነዱን በዓይን ማየት ደግሞ ያለ ክፍያ ነው።

አጻጻፉ ላይ እንቆይ፤ አብዛኛው ጥያቄ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ካውንስሉ የሚሰጠው ተመዝግቦ የተቀመጠ ነገርን ነው። «ለምን ይህን መንገድ ዘጋችሁት?» ቢሉት ማስረዳት አይገደድም፣ ቢመልስም የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ያዘጋጀውን ሁለት አንቀጽ ይልካል። «መንገዱ እንዲዘጋ ለውሳኔ የቀረበው ሪፖርት ከነአባሪዎቹ፣ ከመዘጋቱ በፊትና በኋላ የተደረገው የመኪና ቆጠራ፣ የእኩልነት ተጽዕኖ ግምገማው» ቢሉት ግን ወይ ይሰጣል ወይ የሚከለክልበትን አንቀጽ ጠቅሶ በጽሑፍ ይመልሳል። የሰነዱ ዓይነት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የትኛው ቦታ፣ በምን ዓይነት ፋይል፤ እነዚህ አራቱ ከተሟሉ በአብዛኛው ይበቃል። ኢሜይል ከፈለጉ «ስለ ፓርኩ የተጻፈ ሁሉ» አይበሉ፤ የክፍሉን ስም፣ የሦስት ወር ጊዜና ሁለት የመፈለጊያ ቃላት ይስጡ። ሰነዱ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ካላወቁ ደግሞ ካውንስሉ ጠያቂን የመምከርና የማገዝ ግዴታ በሁለቱም ሕጎች አለበት፤ «ጥያቄዬ ሰፊ ከሆነ እንዴት ላጥበው እንደምችል ይንገሩኝ» ብሎ መጨረስ ጥሩ ነው።

የሼፊልድ ነገር ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። የከተማው ካውንስል በ2012 ከአሜይ ኩባንያ ጋር የ25 ዓመት የመንገድ ጥገና ውል ተፈራርሞ ዛፎች ሲቆረጡ ዓመታት የፈጀ ጠብ ተነሣ። ነዋሪው ለምን ይቆረጣሉ እያለ ሲጠይቅ መልሱ ዛፎቹ ታመዋል፣ መንገድ ያበላሻሉ የሚል ነበር። በ2018 ውሉ በመረጃ ጥያቄ ሲወጣ ግን 17,500 የመንገድ ዛፎች እንደሚተኩ የሚል አንቀጽ ተገኘበት። በ2023 የወጣው የሰር ማርክ ሎውኮክ የምርመራ ሪፖርት ካውንስሉን ክፉኛ ተችቷል። ማብራሪያ ሲጠየቅ ያልወጣው ነገር ውሉ ሲጠየቅ ወጣ።

ስም የሚሉት ነገር እኛን በተለይ ይመለከተናል። በኤፍ ኦ አይ ጥያቄው በጽሑፍ ሆኖ የጠያቂው እውነተኛ ስምና የመልስ አድራሻ ሊኖረው ይገባል፤ ኢሜይል ይበቃል። በመጀመሪያ ስም ብቻ መፈረም የለመደ ሰው «ሰላም፣ ዮናስ ነኝ» ብሎ ቢልክ ካውንስሉ ጥያቄው አልተሟላም ሊል ይችላል። የራስ ስም ከአባት ስም ጋር፣ ወይም የራስ ስም መጀመሪያ ፊደልና የአባት ስም ይጻፉ። በአካባቢ መረጃ ደንቡ ግን በቃል፣ በስልክም ቢሆን መጠየቅ ይቻላል። መቼ ምን እንደተባለ ማረጋገጥ ስለሚያስቸግር ይህን መብት እንዳለ ማወቁ ይበቃል፣ ጽሑፍ ይሻላል።

አሁን አንድ ጥያቄ ከሥር እስከ ላይ እንሥራ፦ በልጆች ትምህርት ቤት አጠገብ ያለው አየር። ካውንስሎች ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን የሚለኩት በአብዛኛው በመብራት ምሰሶ ላይ በሚታሰር ጣት በምታክል የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ቱቦው በየወሩ ተቀይሮ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ንባቡ በተፈጥሮው ከፍ ወይም ዝቅ ስለሚል በዓመቱ መጨረሻ በማስተካከያ ቁጥር ተባዝቶ የዓመቱ አማካይ ይወጣል። የሕጉ የዓመት ገደብ በሜትር ኩብ 40 ማይክሮግራም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው ምክር ግን 10 ነው። ካውንስሉ «ከገደቡ በታች ነን» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መለየት አይከፋም። (በ2020 በለንደን የሟች መርማሪ ዳኛ የሉዊሻሟ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ኤላ አዱ-ኪሲ-ዴብራ ለሞት የበቃችው የአየር ብክለት አስተዋጽኦ አድርጎበት ነው ብሎ ወስኗል፤ ይህ ልኬት የወረቀት ጨዋታ አይደለም።)

ከመጠየቅ በፊት የካውንስሉን ዓመታዊ የአየር ጥራት ሪፖርት ያውርዱ። ያለፉት ዓመታት ወርኃዊ ንባቦች ብዙ ጊዜ በአባሪው ሰንጠረዥ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አስቀድሞ የታተመውን ከጠየቁ 20 ቀን ጠብቀው የሚያገኙት ሊንክ ብቻ ነው። ሪፖርቱ ውስጥ የሌለውን ይጠይቁ። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ይዘቱ እንዲህ ይሁን፦

«በእገሌ መንገድ ላይ ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ለተሰቀሉ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ቱቦዎች በሙሉ የሚከተሉትን እጠይቃለሁ፦ የቱቦው መለያ ቁጥር፣ የካርታ መጋጠሚያ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ያለው ርቀት፣ ከላቦራቶሪ የደረሰው የየወሩ ያልተስተካከለ ንባብ፣ የጠፋ ወይም የተጣለ ንባብ ካለ ምክንያቱ፣ ለዓመቱ የተወሰደው የማስተካከያ ቁጥር። በዚሁ ጊዜ ከመንገዱ የተነሣ ወይም ቦታ የተቀየረ ቱቦ ካለ ውሳኔውን የሚያሳይ ሰነድ። በሲ ኤስ ቪ (ተራ የሰንጠረዥ) ፋይል ቢሆን እመርጣለሁ።»

እዚህ ላይ የሚመጣው እንቅፋት ይታወቃል። የያዝነው ዓመት ንባብ ሲጠየቅ «ገና ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው» የሚል መልስ ይመጣል፤ ደንቡ ውስጥ እንዲህ ያለ መከልከያ በእርግጥ አለ። መልሱ ቀላል ነው፦ ያልተጠናቀቀው የዓመቱ አማካይ ነው፣ ላቦራቶሪው የላከው የማርች ንባብ ግን ራሱን የቻለ የተጠናቀቀ ሰነድ ነው። «ያልተስተካከለ መሆኑን አውቃለሁ፣ ያንኑ ጽፋችሁ ላኩት» ይበሉ። ሕዝብ ይሳሳትበታል ብሎ መፍራት ብቻውን መከልከያ አይደለም፤ ማብራሪያ ጨምሮ መላክ ይቻላልና። ከጭስ ማውጫ ወደ አየር ስለሚለቀቅ ነገር ከሆነ ጥያቄው፣ ካውንስሉ በኩባንያው የንግድ ምስጢር ተከልሎ ሊከለክል አይችልም፤ ይህን ደንቡ በግልጽ ዘግቶታል።

ለሹፌሮች የሚጠቅመው ሌላ ነው። ካሜራ የተተከለበት መታጠፊያ ወይም የአውቶቡስ መስመር ላይ ቅጣት ከመጣ፣ በዚያ ቦታ በየወሩ ስንት ፒ ሲ ኤን (የቅጣት ወረቀት) እንደወጣ፣ ስንቱ ተቃውሞ እንደቀረበበት፣ ስንቱ እንደተሰረዘ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደተሰበሰበ መጠየቅ ይቻላል። ከአኃዙ ይበልጥ ግን የሚጠቅመው የትራፊክ ትዕዛዙ ቅጂና የምልክቶቹ አቀማመጥ ንድፍ ነው፤ ምልክቱ ከትዕዛዙ ጋር ካልተስማማ ለይግባኝ ጥሩ ነጥብ ነው። ልብ ይበሉ፣ የመረጃ ጥያቄ የቅጣቱን ሰዓት አያቆምም። የግማሽ ዋጋው ጊዜ መልሱ ሳይመጣ ያልፋል። ተቃውሞውን በቀኑ ያስገቡ፣ መረጃውን ለይግባኙ ይጠቀሙበት። የራስዎን መኪና የሚያሳየውን ቪዲዮ ደግሞ በዚህ መንገድ አይጠይቁ፤ እሱ ከቅጣቱ ወረቀት ጋር በድረ ገጽ የሚታይ ነው።

ሬስቶራንት ለመግዛት ወይም ለመከራየት ያሰበ ሰው በበሩ ላይ የተለጠፈውን ከ0 እስከ 5 የሚሄድ የንጽሕና ደረጃ አይቶ ባይወስን ይሻላል። በእንግሊዝ መለጠፉ ራሱ ግዴታ አይደለም፤ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ነው ግዴታው። የምግብ ተቆጣጣሪው የጻፈውን ሙሉ ሪፖርት በኤፍ ኦ አይ ይጠይቁ፤ የአየር ማስወጫው፣ የአይጥ ዱካው፣ የእጅ መታጠቢያው ቦታ ሁሉ እዚያ ተዘርዝሯል። ያልተቋጨ ክስ ካለ ካውንስሉ ሊይዘው ይችላል፣ ያለዚያ ብዙ ጊዜ ይሰጣል።

አገልግሎቱ የማይሠራባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፣ ሁለቱም ብዙ ሰው ያሳስታሉ። የራስዎን የቤት ማመልከቻ ፋይል፣ ስለርስዎ የተጻፉ ማስታወሻዎችን ከፈለጉ ኤፍ ኦ አይ ዋጋ የለውም፣ የግል መረጃ ተብሎ ይከለከላል። ለዚያ ያለው ሰብጀክት አክሰስ ሪክዌስት የሚባለው፣ ስለራስ የተያዘ መረጃ መጠየቂያ ነው፤ እሱም ነጻ ነው፣ መልሱ በአንድ ወር ነው፣ ካውንስሉ ነገሩ ከተወሳሰበበት ሁለት ወር መጨመር ይችላል። ሁለተኛው፣ አከራይዎ ሃውሲንግ አሶሲዬሽን (ለትርፍ ያልቆመ ቤት አከራይ ድርጅት) ከሆነ የመረጃ ነጻነት ሕጉ በጥቅሉ አይመለከተውም። ካውንስሉ ሙሉ በሙሉ ባለቤት የሆነበት ኩባንያ ከሆነ ግን ይመለከተዋል፤ ስለዚህ የአከራዩ ባለቤት ማን እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ነው። ሃውሲንግ አሶሲዬሽኑ ስለ ሕንጻው ከካውንስሉ ጋር የተጻጻፈውን ከካውንስሉ በኩል መጠየቅም አንድ መውጫ ነው።

ስለ ጊዜ። በሁለቱም ሕጎች መልሱ ቶሎ፣ ቢዘገይ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መድረስ አለበት። አንድ ተብሎ የሚቆጠረው ጥያቄው ከደረሰ በኋላ ያለው የሥራ ቀን ነው። በየትኛውም የብሪታንያ ክፍል የሚከበር የባንክ በዓል ከቆጠራው ስለሚወጣ፣ ለንደን ሥራ ላይ ብትሆንም የሰሜን አየርላንድ ማርች 17 እና ጁላይ 12፣ የስኮትላንድ ኖቬምበር 30 አይቆጠሩም። ካውንስሉ ማብራሪያ ከጠየቀ ሰዓቱ ማብራሪያው ሲደርሰው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ስለዚህ ግልጽ ያልሆነ ጥያቄ የሚያስከፍለው ጊዜ ነው። በአካባቢ መረጃ ደንቡ ጥያቄው የተወሳሰበና ብዙ ሰነድ የያዘ ከሆነ እስከ 40 የሥራ ቀን ማራዘም ይፈቀዳል፣ ግን በመጀመሪያው 20 ቀን ውስጥ ይህንኑ መንገር አለበት።

እምቢታ ሲመጣ ደብዳቤው የትኛውን አንቀጽ እንደጠቀሰ ይመልከቱ። አብዛኞቹ መከልከያዎች፣ በአካባቢ መረጃ ደንቡ ደግሞ ከግል መረጃ በቀር ሁሉም ማለት ይቻላል፣ በሕዝብ ጥቅም ሚዛን መታየት አለባቸው። «የንግድ ጥቅም» ብሎ ብቻ ያለፈ፣ ማን በምን እንደሚጎዳ ያልጻፈ ደብዳቤ ደካማ ነው። አንድ አንቀጽ ስለሚከለከል 60 ገጽ ሙሉ መከልከልም አይቻልም፤ ደልዞ ቀሪውን መስጠት ነው። «ሰነዱ የለንም» ከተባለ የት የት፣ በምን ቃል እንደተፈለገ ይጠይቁ።

ቀጣዩ እርምጃ ኢንተርናል ሪቪው ነው፤ ካውንስሉ ውሳኔውን ራሱ ዳግም እንዲያይ መጠየቅ። በ40 የሥራ ቀናት ውስጥ ያስገቡት፣ የትኛው ነጥብ ስህተት እንደሆነ በአጭሩ ይዘርዝሩ። ይህ ደረጃ የአገልግሎቱ ደካማ ጎን ነው፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቃላት ቀይሮ መላክ የተለመደ ነው። ግን ሳያልፉበት ወደ መረጃ ኮሚሽነሩ፣ አይ ሲ ኦ፣ መሄድ በአብዛኛው አይቻልም። ጭራሽ መልስ ያልሰጠ ካውንስል ከሆነ ግን 20ው ቀን እንዳለፈ በቀጥታ ወደ ኮሚሽነሩ ማመልከት ይቻላል። አገር ቤት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የመረጃ ይግባኝ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ስለሚሄድ እዚህም ለካውንስሎች እንባ ጠባቂ የሚያመለክት ሰው አለ፤ እሱ የሚያየው የአስተዳደር በደልን ነው፣ የመረጃ እምቢታን አይደለም፣ ጊዜ ያባክናል። የኮሚሽነሩ አቤቱታ ነጻ ነው። በውሳኔው ያልተስማማ ሰው በ28 ቀናት ውስጥ ወደ ትራይቡናሉ፣ እንዲህ ያለ ይግባኝ ወደሚያየው ችሎት፣ ይግባኝ ይላል፣ እሱም ያለ ክፍያ፣ ከፈለጉም በጽሑፍ ብቻ የሚታይ።

ጥያቄውን ለመላክ በራስዎ ኢሜይል ወይም ማይሶሳይቲ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ከ2008 ጀምሮ በሚያካሂደው ዋትዱዜይኖው ድረ ገጽ መጠቀም ይቻላል። ድረ ገጹ ትክክለኛውን አድራሻ ያውቃል፣ ቀኑን ይቆጥራል፣ ሌላ ሰው ያንኑ ጠይቆ ከሆነም መልሱን ያሳያል፤ ለዚህ ሲባል ብቻ እንኳ ከመጻፍ በፊት እዚያ መፈለግ ያዋጣል። ግን ጥያቄውም መልሱም ለሁሉም ክፍት ነው። በኦገስት 2023 የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ በሰንጠረዥ ፋይል ውስጥ ተደብቆ የቀረ ገጽ ሳያይ ልኮ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሠራተኞቹ ዝርዝር በዚሁ ድረ ገጽ ላይ ወጥቶ ነበር፤ በኋላ 750,000 ፓውንድ ተቀጥቷል። ሲ ኤስ ቪ ይሁንልኝ ማለቱም ለዚህ ይጠቅማል፤ ድብቅ ገጽ አይሸከምም። የቤት ቁጥርዎን፣ የልጅዎን ትምህርት ቤትና ክፍል፣ የጤና ጉዳይ ጥያቄው ውስጥ አይጻፉ። ስምዎ በጉግል ሲፈለግ ከጥያቄው ጋር እንዲወጣ ካልፈለጉ ደግሞ ድረ ገጹን ትተው ለካውንስሉ በቀጥታ በኢሜይል ይላኩ።